የሮማንወርቅ መርዶ

የሰሎሜን ሞት ለሮማንወርቅ የነገራት ስልኳ ነው። በስደት አገር፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር ሳንድዊች በምታሽግበት ፋብሪካ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስትከፍተው የአገር ልጆች ማኅበር ዋትሳፕ በ«ነፍስ ይማር» ተሞልቷል። ለቅሶው ዋይት ሲቲ፣ የሰሎሜ ወንድም ኪዳነወልድ ቤት ነው ይላል። ክው አለች። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለማን ብላ ትጩህ?

የእኛ ሰው እኮ በመርዶ ቀልድ አያውቅም። ሰው የሞተበት በስልክ አይነገረውም፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፣ አስቀምጦ ደግፎ ያረዳዋል። አዲስ አበባ ያሉት የሰሎሜ እናት በወግ እስኪረዱ ድረስ ማንም ወደ አገር ቤት ትንፍሽ እንዳይል ኪዳነወልድ አስጠንቅቆ ነበር። ሮማንወርቅን ግን ያሰባት የለም። ለነገሩ ሰሎሜ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነርሷ «የሷ ምን ነሽ?» ስትላት ኪዳነወልድ አጠገቧ ቆሞ ስለነበር «ፍላትሜት፣ ቤት የምንጋራ» ያለችው ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ስትደውል «ለቤተሰብ ብቻ ነው የምንናገረው» አሏት።

ሮማንወርቅና ሰሎሜ አሥራ አንድ ዓመት ስትሪትሃም አብረው ሲኖሩ መልሳቸው ይኸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ያለውን ሶፋ ይዘረጉና፣ ሮማንወርቅ የምትተኛበት እንዲመስል አንሶላ ያነጥፉበታል፤ መኝታቸው ግን አንድ አልጋ ላይ ነው። ይህ ማታለያ ያልሠራው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ምድር ቤት የሚኖሩት አስመራዊት እማማ ርግበ ላይ። አንድ ቀን በዚያ በጃንሆይ ዘመን አማርኛቸው፣ ለእኔ ብላችሁ አንሶላ አታቆሽሹ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እናታቸው ሆኑ። ዘመዶቿ ያባረሯትን ፊርደውስንም እሳቸው ናቸው ያስጠጓት፤ እሑድ እሑድ አራቱም ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

በዚያ ቀን ከሥራ ወጥታ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ በቀጥታ ጓዳ አስገቧት። ሽንኩርት ከተፈች። ሽንኩርቱ እንኳ አላስለቀሳትም። ሰው ሁሉ ኪዳነወልድን እግዜር ያጽናህ እያለ ያልፋል፤ እሷን ውሃ ጠየቋት። ስትወጣ ኪዳነወልድ በትሕትና በር ድረስ ሸኛትና፣ አስከሬኑ ቅዳሜ አገር ቤት ስለሚሄድ የሰሎሜን ልብሶች እንድታዘጋጅለት ጠየቃት። እሺ አለች።

ማታ እማማ ርግበ ደረጃው ላይ አገኟትና ፊቷን አዩት።

«ማን አረዳሽ?» አሏት።

«ስልኬ።»

አሮጊቷ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሯ ተንኳኳ። እማማ ርግበ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ፊርደውስ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ቤንጃሚን፣ ነገሩ በቅጡ ሳይገባው ጥቁር ኮቱን ለብሶ። እማማ ርግበ ሮማንወርቅን ሶፋው ላይ አስቀምጠው እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ በርቺ። ሰሎሜሽ አርፋለች።»

አውቃለሁ ልትል ነበር። ቃሉ አልወጣም፤ በምትኩ ጩኸት ወጣ፤ ከትናንት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ታፍኖ የቆየው ሁሉ። ግራና ቀኝ ያዟት። ሲደክማት ቤንጃሚንና ፊርደውስ የሶፋውን ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጉላት። እማማ ርግበ የራሳቸውን ጥቁር ሻሽ አሰሩላትና፣ እንግዲህ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ማንም ቢመጣ አትነሺም አሏት።

ቅዳሜ ኪዳነወልድ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ፍራሹን አየ፣ ጥቁር ሻሹን አየ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡትን አየ። ሁሉም ጠበቁት። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚለውን ሊል አፉን ከፈተ፣ ግን መልሶ ዘጋው። በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሻንጣ አነሳና ወደ ኤርፖርት ሄደ።

ሮማንወርቅ ልትሸኘው አልተነሳችም።