የወታደር መታወቂያዬን ያስረከብኩበት ቀን

ከመረብ ማዶ ሳለሁ ያለዚያ መታወቂያ ከደጅ ወጥቼ አላውቅም። የብሔራዊ አገልግሎት የወታደር መታወቂያ ነው፤ ፎቶው ላይ ፀጉሬን ወደ ኋላ ሸብ አድርጌ፣ የደንብ ልብስ ለብሼ፣ የማላውቃት ሴት መስዬ አለሁ። እዚያ እሱን ያልያዘ ሰው ኮብላይ ነው፤ ከአውቶቡስ ያወርዱታል። አምቦ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ የሌላ አገር ወታደር ነሽ እንዳልባል ፈርቼ ከልብስ ሥር ደበቅኩት። ልጥለው ግን አልቻልኩም። የሚያድነኝ ይሁን የሚያጠፋኝ አላውቅም ነበር።

እንደኔ ያለ ስደተኛ ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ የሚኖረው ዋስ ሲያገኝ ነው። የኔ ዋስ አከራዬ ነበሩ። አዴ እላቸዋለሁ፤ የአምቦ ሰው ታላቅ ሴትን የሚያከብርበት አጠራር ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ሲደርስ አዲስ ነገር መጣ። በአገሩ ወታደር የነበረ ስደተኛ የወታደር መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ፤ ያልነበረም ዋሱ ይመስክርለት ተባለ። ፈቃዱ ካልታደሰ ወደ ጣቢያው መመለስ ነው።

የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው።

«ልጄ፣ ለተጠየቅሽው እውነቱን መልሺ» አሉኝ።

ቀላል መሰለኝ። ለአዴ ግን አልነገርኳቸውም። ስንት ጊዜ ልጀምር ብዬ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቼ ተመልሻለሁ።

ከአዴ ጋር ፈቃድ ማደሻው ቢሮ ስንሄድ የተቀበለን ጎልማሳ ሰው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እህቴ፣ በአገርሽ ወታደር ነበርሽ?» አለኝ። መታወቂያውን ላወጣ የቦርሳዬን ዚፕ ስከፍት አዴ ቀደሙኝ።

«ማን፣ ይቺ? ማል ጄታ! ምን ትላለህ አንተ ልጅ? ይቺ እኮ ከቤተ ክርስቲያንና ከስፌት ቤት ሌላ መንገድ አታውቅም። የፋሲካን ዶሮ እንኳ ባለቤቴ ከጊንጪ ገዝቶ፣ እሱው አርዶ ነው የሚሰጣት። መሣሪያ የያዘች ሴት ዶሮ ትፈራለች?»

ሰውዬው ሳቀ። «አዴ፣ የኔም እናት ዶሮ አታርድም። ሴት ታርዳለች እንዴ? ይሄ እኮ ወግ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።»

«ወግም ይሁን ፍርሃት፣ ወታደር አይደለችም ብለህ ጻፍ!»

እስክሪብቶውን አነሳ። ዝም ብል ማለቁ ነው፤ ፈቃዱ ይታደሳል፣ አዴም በደግነታቸው ኮርተው ይሄዳሉ። ብናገር ደግሞ እኔን ብለው የመጡትን ሴት በአደባባይ ማዋረድ ነው። የትኛው እንደሚከብድ መለየት አቃተኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋኝ። እጄ ግን ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ነበርኩ» አልኩ።

አዴ ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ፎቶውን አዩ። «ያ ዋቃዮ!» አሉ ፈጣሪን ቀስ ብለው እየጠሩ።

ሰውዬው ወደ እሳቸው ዞረ። ሳቁ የለም። «አዴ፣ አሁንም ዋስ ነዎት?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። መልስ እስኪሰጡ ድረስ እኔ ዕቃዬን በሐሳቤ ሸክፌ ጨርሻለሁ።

«እኔ የማውቀው ቤቴ የምትኖረውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በፊት ስለነበረችው እኔ ምን አውቄ? ቤቴ ላለችው ዋስ ነኝ። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ። መታወቂያውን ግን ሰውዬው ፋይሉ ውስጥ ጨመረው።

«ይመለስልኛል?» አልኩት።

«እዚህ ምን ይሠራልሻል?»

የታደሰውን ፈቃድ ተቀበልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንደ ተዘረፈ ሰው ቆሜ ቀረሁ።

መንገድ ላይ አዴ ከፊቴ ከፊቴ ይራመዱ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ሰው ገድለሻል?»

«ኧረ በማርያም! ሥልጠናውን ስጨርስ መጋዘን ነው ያስገቡኝ። የወታደር ልብስ ነበር የምሰፋው።»

«ስፌት?»

«ስፌት።»

«ታዲያ እሱን አትናገሪም ነበር? ነበርኩ፣ ነበርኩ እያልሽ ልቤን ከምታወርጂው!»

በአገሬ ሰፊውም፣ ወጥ ሠሪውም፣ አስተማሪውም ወታደር እንደሚባል እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ስናገረው ለራሴም የውሸት መሰለኝ። እዚያ ወታደር ነሽ ሲሉኝ ሰፊ ነኝ እላለሁ፤ እዚህ ሰፊ ነሽ ሲሉኝ ወታደር ነበርኩ ብዬ መጣሁ።

«እሺ፣ ጎረቤት ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አሉኝ አዴ። «ወታደር ናት ልበል፣ ወይስ ሰፊ?»

«እኔ እንጃ አዴ።»

የምሬን ነበር። አፍጥጠው አዩኝ፤ ከዚያ ፈቃዱን ከእጄ ወስደው ማኅተሙ መድረቁን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ እንዳላጥፈው አስጠንቅቀው መለሱልኝ።