የሞጣው ዟሪ ወንበር

ልጄ ዛሬ ከጧት ጀምራ አራት ጊዜ ውሃ አምጥታልኛለች፤ አራቱንም ጊዜ ዞር ስትልልኝ መስኮቱ ሥር ያለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። አበባው ምን እንደበደለኝ እንጃ፣ ሥሩ ሳይበሰብስ አይቀርም፤ ክፍሉን ሁሉ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ሸቶታል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ እንነሳለን። ዘመን መለወጫን አስታከን፣ የልጅ ልጆቼን የሚሽከረከር ወንበርና የሚወነጨፍ ጀልባ፣ ተራራ የሚወጣ ባቡርም አለው ወደሚባል ትልቅ መጫወቻ ቦታ ልንወስዳቸው ነው፤ እኔም ከልጆቹ ተቆጥሬ እሄዳለሁ። ልጄ ይህን ጉዞ በስልኳ ማቀድ ከጀመረች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ተሽከርካሪ ወንበር ተከራይታልኛለች፣ ሆቴሉ አሳንሰር እንዳለውና በሩ ላይ ደረጃ እንደሌለው ደውላ አጣርታለች፣ ለጉልበቴ ቅባት፣ ለወገቤ ትራስ ገዝታለች። እግዜር ይስጣት፣ ያልጠየቀችው የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በሚያስኬድ መንገድ ላይ ሽንቱ ሲመጣበት ምን ይሆናል? አፍሬ አልነገርኳትም። መልሱን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አለመጠጣት ነው።

ይህን ያስተማረችኝ የአባቴ ታናሽ እህት እታገኝ ናት። በደርግ ጊዜ፣ ብቸና ላይ፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እሷ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው፤ እኛው ቤት ነበር የምትኖረው። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት፤ አክስትነቱን ትተነው እንደ እህትማማች ነበርን።

እታገኝን ጓያ ሰብሯት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም፤ ለማያውቅ ግን፣ ጓያ ሌላው እህል እምቢ ባለ ጊዜ የድሃን ቤት ሽሮና ቂጣ የሚሸፍን፣ እግርን ግን የሚይዝ ጥራጥሬ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ በአንድ ክፉ ዘመን፣ ቤተሰቡ ክረምቱን ሙሉ ጓያ በልቶ ከረመ። አባቴም በሉ፣ አያቶቼም በሉ፤ ሳትነሳ የቀረችው የአሥራ ሁለት ዓመቷ እታገኝ ብቻ ናት። ሰዉም ምክንያት አላጣላትም፤ የጓያ ንፍሮ ሲፈላ እንፋሎቱ መትቷት ነው፣ ላቧ ሳይደርቅ የጓያ ክምር ላይ ተቀምጣ ነው ተባለ፤ እሷም ይህንኑ አምና ኖረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓያ ማሳ እንዳላቋርጥ፣ የጓያ ገለባ ላይም እንዳልቀመጥ ስንት ጊዜ እንዳስጠነቀቀችኝ ቁጥሩን እኔም አላውቀው።

በሁለት ምርኩዝ ትሄዳለች፤ ተረከዟ መሬት አይነካም፣ ጉልበቶቿ ይፋተጋሉ፤ ከውጭ ስትመጣ መጀመሪያ የሚሰማኝ የሁለቱ ምርኩዝ ኳኳታ ነው፣ ቀጥሎ የጣቶቿ መንፏቀቅ። ምላሷ ግን ማንም አይደርስበትም። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ወዲያው ግን አስተማሪዋን አልፋው ሄደችና የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆነች። ልጆቻቸው ወደ ሰሜን የዘመቱባቸው እናቶች እየመጡ ደጃችን ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷም ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጽፍላቸዋለች፤ የተባለውን ብቻ ብትጽፍ ደግ ነበር። አንዷ እናት፣ “ደህና ነኝ በይልኝ” ብትላት፣ “እናትህ ደህና ነኝ ብላሃለች፤ ውሸቷን ነው፤ ወገቧን ይዟታልና ቶሎ ጻፍላት” ብላ ልካለች አሉ።

የሞጣውን ወሬ ያመጣልን ዘውዱ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብቸና ሲያድር መኪናውን ከቤታችን ትይዩ ያቆም ነበር። ሞጣ ላይ አንድ በያጅ ከአሮጌ መኪና አክሰልና ከውሃ ቧንቧ፣ ስምንት ወንበር ያንጠለጠለ ዟሪ ነገር ሠርቷል፤ ሁለት ጎረምሶች ሲገፉት ሰዉን ከነወንበሩ እያነሳ ያዞረዋል፤ ለአብዮት በዓል፣ ከዘመን መለወጫ ማግሥት ጀምሮ፣ ሜዳው ላይ ተተክሎ ሦስት ቀን ሕዝቡን ሲያጫውት ቆይቶ ይፈታል፣ ብረቱም ለሥራ ይመለሳል አለ። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን ቀረን። እታገኝ ግን የጀመረችውን ደብዳቤ አቁማ፣ “ወንበር ነው አልክ?” ብላ ጠየቀችው። ወንበር መሆኑን አረጋግጣ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረችና፣ “የዓለም ጨዋታ ሁሉ በእግር ነው፤ ተቀምጠው የሚሮጡት ጨዋታ ከተገኘ እኔማ አልቀርም” አለችኝ። ከብቸና ወጥታ አታውቅም። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ጉጉት ከዚያ በፊት አላየሁባትም ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን የጦር ሰፈር ሆነ። እታገኝ ደብተሯ ላይ ዕቅድ ጻፈች፦ መኪናው ላይ ስትወጣ ስንት ሰው እንደሚያነሳት፣ ማን በየት በኩል እንደሚይዛት፣ ምርኩዞቿ የት እንደሚታሰሩ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ምን ያህል እንደምናርፍ፣ ዟሪው ወንበር ላይ በምን እንደምትታሰር። ዘውዱ ጋቢናውን ሊሰጣት ማለላት። ይለፍ ወረቀት ያወጡት አባቴ ናቸው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊፈርም ብዕሩን አንስቶ፣ “እሷ ደግሞ ሞጣ ምን ትሠራለች?” ቢላቸው፣ “ምነው፣ አብዮቱ የሚወደደው በእግር ነው እንዴ?” አሉት፤ ሰውየው ፈረመ። ሲያነሷት ገላዋ እንዳይታይ ከቀሚሷ ሥር የአባቴን ሱሪ ልትለብስ ወሰነች። ልምምድም ነበረን፤ አባቴና ጎረቤታችን አንስተው ግቢው ውስጥ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ያወጧታል፣ እሷ ከላይ ሆና፣ “ቀስ! እኔ ጤፍ ነኝ እንጂ ድንጋይ አይደለሁም” እያለች ታዛቸዋለች፣ እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች።

ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ለእኔ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሰው ካልደገፋት ቁጢጥ ማለት አትችልም። ቤት ውስጥ የምትይዘው እንጨት ተተክሎላታል፤ መንገድ ላይ ግን ማን አለ? እናቴ ሕፃን ወንድሜን አዝላ ነው የምትሄደው፣ ደግሞም እታገኝ ከወንድሟ ሚስት ጋር ይህን ያህል አትደፋፈርም። “እኔ እይዝሻለሁ” አልኳት። እውነቴን ነበር። ጓሮ ወርደን ተለማመድነው፤ ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጥላ ክብደቷን ስትለቅብኝ እግሬን አንፈራጥጬ፣ ጥርሴን ነክሼ እችላታለሁ። እንደዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። እሷ ግን እኔንም አላመነችም መሰለኝ፣ ወይም አዘነችልኝ፣ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀር ውሃ መጠጣት አቆመች። ለዘመን መለወጫ የቀረበላትን ጠላ ስትመልስ ጎረቤቶቹ ስለት አለባት ብለው አለፏት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እሱኑ በቅቤ ታብሰዋለች።

በነጋታው በማለዳ ወደ መኪናው ሄድን። ጋቢናው ተይዟል፤ አንድ የመንግሥት ሹም ከነሚስቱ ገብቶበታል፣ ዘውዱም ዓይኑን ከእኛ ሰብሮ፣ “ምን ላድርግ” አለ። እታገኝ፣ “ግድ የለም፣ ከላይ ያለው ነፋሱ ይሻላል” አለች። አራት ወንዶች አንስተው ከጆንያው ጭነት ላይ አወጧት። ሸራው ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከላይ ወደ ታች ስታየን ትዝ ይለኛል፤ ሰውን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነበር የምታየው። ምርኩዞቿን አቀበልኳት። እናቴ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አድርጋ ልትወጣ ስትል አንዱ ጆንያ ጥጉ ተቀዶ ፍሬው መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ፤ አመድማ፣ ማዕዘናማ ነው።

“ጓያ ነው!” አለ አንዱ።

ሰዉ እሳት እንደነካው ወደ ኋላ ሸሸ። ቀድመው የወጡት ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወረዱ። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ የቀን ሙሉ ነው፣ በላብ ገላ ጓያ ላይ ተቀምጦ መሄድ ማለት በገዛ እጅ እግርን መስበር ነው። እናቴም እግሯን ከጎማው ላይ አወረደች። እታገኝ ብቻ ከላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ “እኔን አንዴ ሰብሮኛል፣ ሁለተኛ ወዴት ይሰብረኛል?” ስትል የሸሸው ሰው ሁሉ አብሯት ሳቀ። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ “ነይ” አለችኝ።

እናቴ እጄን ይዛኛለች፤ አልለቀቀችኝም፣ አላጠበቀችብኝምም። ያለ እኔ መሄድ እንደማትችል እታገኝም እኔም እናውቃለን። የተዘረጋውን እጅ አየሁት፣ ከእጁም ወረድ ብዬ በአባቴ ሱሪ የተሸፈኑትን እግሮቿን አየሁ።

“እትዬ፣ እንዳንቺ ብሆንስ?” አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እታገኝ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ወንዶቹን፣ “አውርዱኝ” አለቻቸው። ዘውዱ አብራሽ የምትሄድ ሌላ ሴት ትፈለግልሽ ብሎ ለመናት፤ “የለም፣ አውርዱኝ” አለች። መኪናው ሄደ። ሌላ መኪና እስኪመጣ እስከ ቀትር መንገድ ዳር ተቀመጥን፤ አልመጣም፤ በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ወደዚያ የሄደ አልነበረም።

ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያለችው ነገር “ውሃ” ነው። በጣሳ ሰጠኋት፤ ጨርሳ ደገመች፣ ሠለሰች። ሦስተኛውን ስታወርድ፣ “እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል?” ብላ አፏን ጠረገች፣ ሱሪውን አውልቃ በሥርዓቱ አጥፋ ለአባቴ መለሰች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እንዴት በተሻለኝ! ከዚያች ቀን ወዲያ ግን ምርኩዟን ላቀብላት ስሮጥ፣ “ተይው፣ እኔው” ትለኛለች፤ በደግ ቃል ነው የምትለኝ፣ ግን ሁለተኛ አንገቴ ላይ እጇን አልጣለችም። ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር የዕቅዷን ቅጠሎች እየገነጠለች በጀርባቸው የእናቶቹን ደብዳቤ ጻፈችባቸው። የት እንዳሉ የማናውቃቸው ወታደሮች የእናታቸውን ሰላምታ አንብበው ወረቀቱን ሲገለብጡ፣ “ስታወጡኝ፦ ሁለት ሰው ከብብት፣ ሁለት ከእግር” የሚል አግኝተው ምን እንዳሉ አንዳንዴ አስባለሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት ስማር የሳንባ ምች ገደላት። አስተማሪ ሆኜ በሠራሁበት ትምህርት ቤት አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ ሲያስረዳ ሰማሁ፤ ጓያ እግር የሚይዘው ከሌላ እህል ሳይቀላቀል ወራት ሙሉ ሲበላ ነው፣ በእንፋሎቱም፣ በላዩ በመቀመጥም ማንንም አይሰብርም አለ። ከክፍሉ ወጥቼ አለቀስኩ። ሞጣ ደርሰን መመለስ እንችል ነበር። ለብዙ ዓመት ያን ቃሌን ቀይማብኝ የራቀችኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ያኔ የነበራትን ዕድሜ በእጥፍ ሳልፈው ሌላ ነገር ይታየኛል። በጓያ ማሳ እንዳላልፍ ስታስጠነቅቀኝ የኖረች ሴት ናት ያን ቀን፣ ያንኑ ሁሉ እያመነች፣ “ነይ” ብላ እጇን የዘረጋችልኝ። ምን ያህል ብትጓጓ ነው! የፈራችው እኔን አልነበረም፤ ያችን ቅጽበት ነበር፤ ራሷን ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ አምስተኛው ብርጭቆ እጄ ላይ ነበር። ማሰሮው ውስጥ ልደፋ ስል የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለምን እንደምደፋው ጠየቀችኝ። ለእናቷ ያልነገርኩትን ነገርኳት፤ መኪናው ሲቆም ብቻዬን መነሳትም መቀመጥም እንደማልችል። ጥቂት አሰበችና፣ “ታዲያ እኔ እይዝሻለኋ፣ እማማ” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ትከሻዋን አየሁት፤ ቀጭን ናት። ውሃውን ጠጣሁት።