ግድግዳዋ ከጉልበት የማያልፍ ከተማ

ኢኮኖሚው በወደቀበት ሰሞን ቤድፎርድ እየኖርኩ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ሴት ከኒካራጓ የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ናት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ብዙ አውርተናል። አባቷ የፍርስራሽ ዘበኛ እንደነበሩ ስትነግረኝ ግን አልገባኝም።

"ፍርስራሽ ደግሞ ማን ይሰርቃል?" አልኳት።

ሳቀች። ከመንደራቸው አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር፣ ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመን የቆረቆሯት ከተማ አለች። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያናውጣት ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ፤ በኋላም የእሳተ ገሞራ አመድ ቀበራት። ከስንት ዘመን በኋላ ተቆፍራ ወጣች፣ ቅርስ ተባለች፣ ታጠረች። አባቷ እስኪያረጁ የጠበቁት ያንን አጥር ነው።

ነሐሴ ላይ እህቷ ደወለች፤ አባታቸው እየደከሙ ነበር። ጓደኛዬ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ከወጣች መመለሻ የላትም። ልጆቿ ደግሞ እዚህ ናቸው። አንድ ቀን አንሶላውን እንደያዘች ቆም አለችና፣

"አንቺ ግሪን ካርድ አለሽ። ሄደሽ እዪልኝ" አለችኝ።

ቀልድ መሰለኝ። "እኔ ምናቸው ነኝ?"

"ከእኔ ጋር የምትውል ሰው ነሽ። ውሸትም ቢሆን ለገና ትመጣለች በይልኝ።"

የሥራ ሰዓት ተቀንሶብን ስለነበር ቫኬሽን ስጠይቅ ማንም አልከለከለኝም። ሄድኩ።

እህትየው እንግሊዝኛ ስለምትችል ታስተረጉምልን ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እኔ ግን ያገኘኋቸው የዘበኛ ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ላይ ተቀምጠው ነው። ፍርስራሹን ካላስጎበኘኋት ብለው ተነሡ። እኔ ግንብና ሰገነት ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ከጉልበቴ የማያልፍ የጡብ ግድግዳና ሣር የበላው መንገድ ነው። ክንዴን ይዘው "ይህ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ይህ ገዳሙ፣ ይህ አደባባዩ" እያሉ ወሰዱኝ። አደባባዩ ላይ ስፔኖቹ የአገሬውን ሰው በውሻ ያስቦጫጭቁበት እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

"ሰዎቹ ሲሄዱ ምን ይዘው ሄዱ?" አልኳቸው።

"የቻሉትን። ሽማግሌዎቹን ማን እንደተሸከማቸው ግን የሚያውቅ የለም።"

መልእክቴን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ልጄን አትምጪ በያት። ከዚህ የወጡት ሌላ ቦታ ከተማ ሠርተው ኖሩ እንጂ አንድም የተመለሰ የለም።"

"ለገና እኮ…" አልኩ። እህትየው አንገቷን ደፋች፤ አልተረጎመችውም።

ተመልሼ የሆነውን እንዳለ ለጓደኛዬ ነገርኳት። "ለገና ትመጣለች አላልሽልኝም ማለት ነው?" አለች። ከዚያ ስንት ቀን ዘጋችኝ።

አባቷ የገና በዓል ሳይደርስ ሞቱ። በቀብራቸው ቀን ሥራ ገባች። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ቤትሽ ሂጂ ቢላት፣ "ቤት ሄጄ ምን ላደርግ?" አለችው። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥን። ውጭው ይዘንባል፤ ምግቧን አልከፈተችውም።

"አትምጪ ያሉኝ ተቆጥተው ነው ወይስ አዝነው?" አለችኝ።

"ቋንቋውን አልሰማም። የነገረችኝ እህትሽ ናት።"

"ፊታቸውስ?"

የሚያጽናናት ነገር ለማለት ፈለግሁ። ግን ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር።

"አላየሁትም" አልኳት።

"ኦኬ" አለች። በሩን ከፍታ ወረደችና ዝናቡ ውስጥ፣ ሳትሮጥ፣ ወደ ሥራ ተመለሰች።