ታዳሚውን ብድግ ማድረግ

አለቃዬ ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሥልጠናው «ታዳሚን የሚያሳትፍ የቢዝነስ ፕረዘንቴሽን» ይባላል። ከዚያ በፊት «እሺ» እና «አይሆንም» ብቻ ይበቃው የነበረ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ «ኢነርጂ» ሳይል ወሬ አይጨርስም። ጠዋት ስንገባ እጃችንን ጨብጦ ዓይናችንን ትክ ብሎ ያያል። የሒሳብ ሠራተኛችን ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጨነቅ ሰነበተች።

የምንሸጠው ለባለጉዳይ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ የጎደለን፣ እንደ አለቃዬ አባባል፣ ኢነርጂ ብቻ ነበር። እኔ የሽያጭ ሠራተኛ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነው፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በዚያው መሀል አባቴ ሞተ። ሕጉ የሚፈቅደውን ሦስት ቀን ተቀምጬ ሥራ ገባሁ። እናቴና ሁለት እህቶቼ እኔን ነው የሚያዩት፤ ይህ ሥራ ካመለጠኝ የት እንደምገባ አላውቅም።

አለቃዬ ላንቻ ቤታችን ድረስ ለቅሶ መጥቷል፣ ይህን አልክድም። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «አይዞህ» ካለኝ በኋላ ለቀስተኛውን ቃኘት አደረገና፣ «አቀማመጡ ግን ልክ አይደለም፤ በግማሽ ክብ ቢሆን ሁሉም ይተያይ ነበር» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ማሽኑን እንድናስተዋውቅ ጠራን። «ይሄን ካመጣህ ቋሚ ነህ» አለኝ አለቃዬ። «ካላመጣህ ግን... ማለቴ፣ እናያለን።» ጥቁር ሸሚዜን አይቶ «ይሄ ኢነርጂ ይገድላል» ብሎ ሰማያዊ አስለበሰኝ። ከዚያ ዋናውን ነገር አስጠናኝ፦ «ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብድግ አድርጋቸው። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፣ ከዚያ የጎረቤትን ትከሻ መታ መታ። በቃ፣ ሰውነት ከነቃ ሌላው ይከተላል።»

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከፊት ሥራ አስኪያጇ ተቀምጠዋል፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት። እንደምንም ብዬ፣ «የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እባካችሁ ሁላችሁም ከመቀመጫችሁ ብድግ በሉልኝ» አልኩ።

እዚህ አገር ሰው በስብሰባ መክፈቻ ላይ ብድግ በል ሲባል ለምን እንደሆነ ያውቃል። ለመንጠራራት አይደለም። አሠልጣኙ ይህን ረስቶታል፣ አለቃዬም ረስቶታል፣ እኔ ሐዘንተኛውም ረስቼዋለሁ። ሥራ አስኪያጇ ቀድመው ተነሱና ነጠላቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ደፉ። ሌላው ተከተላቸው። ከኋላ አንድ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። የአንዱ ስልክ ሊጮህ ሲል በሁለት እጁ አፈነው። አዳራሹ ጸጥ ሲል እኔ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ ብቻዬን ቀረሁ። ቀስ ብዬ አወረድኳቸውና ፊት ለፊቴ አጣመርኳቸው።

በሕሊና ጸሎት ሰውን የሚያስቀምጠው ያስነሳው ነው። ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እንደማስቀምጣቸው ግን ጠፋኝ። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ ክንዱን ያወራጫል፣ ስፖርቱን ቀጥል ማለቱ ነው። ሥራ አስኪያጇ ቀና ብለው በለሆሳስ፣ «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለአባቴ» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። የሞተው እውነት ነው፤ ያስነሳኋቸው ግን ለእሱ አልነበረም። «ውይ! ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ እሳቸው። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለኝ ከጎናቸው ያለው ሰው። አንዷ ውኃ አቀበለችኝ። ከቀብሩ በኋላ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም። እፎይ አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ዓይኔን ጠራርጌ ስለ ማሽኑ ስናገር አንድም ሰው ስልኩን አልነካም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዱ ተነሥቶ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ስለ ገዛ አባቱ አሥር ደቂቃ ተናገረ። ስለ ማሽኑ የተጠየቅሁት «ወረቀቱ ሲያልቅስ?» የሚል ብቻ ነው። ውሉ በሳምንቱ ተፈረመ።

አለቃዬ ከአዳራሹ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቅቶት ነበር። «አየህ? ኢንጌጅመንት ማለት ይሄ ነው! ግን እንዴት አሰብከው?»

«አላሰብኩትም» አልኩት።

«ተፈጥሮህ ነዋ!»

የቋሚነት ደብዳቤዬ ላይ «ታዳሚን በማሳተፍ ባሳዩት የላቀ ብቃት» የሚል ተጽፏል። ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት «አባትህ በሰማ» ብላ አለቀሰች።

ቀጣዩ ቀጠሮ ወሎ ሰፈር ነበር። አለቃዬ ጠራኝና፣ «የአባትህ ፎቶ አለህ? ሁለተኛው ስላይድ ላይ እናስገባው» አለኝ። ጥቁሩን ሸሚዝም እንድለብሰው አዘዘ። ያኔ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ የመታወቂያ ፎቶውን ላክሁለት። «ትንሽ ፈገግ ያለበት የለህም?» ሲለኝም ፈልጌ ላክሁለት። ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ወሎ ሰፈርም ተሳካ። ከዚያ በኋላ ሌላም ቦታ ሄድን። ድምፄን የት ላይ ዝቅ እንደማደርግ፣ ውኃው መቼ እንደሚመጣ ለመድኩት።

አራተኛው አዳራሽ እዚሁ ቂርቆስ ነበር። ታዳሚው ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል። ከፊት አንዲት ወጣት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች፤ የራሷ ሐዘን ይኖርባት ይሆናል። እኔም በልቤ «ዛሬ ተሳትፎው ጥሩ ነው» አልኩ።

ያልኩትን ስሰማው ደነገጥኩ። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት። አባቴ ፈገግ እንዳለ ያየኛል፤ ከአገጩ ሥር የድርጅታችን አርማና ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ የእጅ ሰዓቱን ያሳየኛል፣ ሰዉ ቆሞ እንዳስቀምጠው ይጠብቃል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ መቆሜ ነበርና፣ ተቀመጡ ማለት አልቻልኩም።