የኳሱ ባለቤት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ካለው የኳስ ሜዳ ጥግ፣ ክፍሌ ያየውን ማመን አቃተው። የፊታውራሪ ልጅ የሆኑት ልጅ ኃይለየሱስ፣ በነጭ ሱሪያቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው የድሮ የቡድን ጓደኛቸውን የጋሽ ጉዲናን ጫማ ያስራሉ። ጋሽ ጉዲና እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ማሰሪያው አልያዝ ብሏቸው ነበር። ክፍሌ ለሰው እግር ዝቅ ሲባል የሚያውቀው በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ያውም ካህን ሲሆን።

የእግር ኳስ ቡድኑን የሃምሳኛ ዓመት መጽሔት የሚጽፈው ክፍሌ ነውና ደብተሩን አውጥቶ ያየውን ጻፈ። ዘንድሮ የበዓሉ ዋንጫ የቡድኑን የመጀመሪያ ጎል ባገባው ሰው ስም ይሰየማል። ልጅ ኃይለየሱስ ያገባሁት እኔ ነኝ ማለት ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ሆናቸው።

የኦክላንድን የመጀመሪያ የሐበሻ ቡድን ያቋቋሙት እሳቸው መሆናቸው እውነት ነው። አምበል የሆኑት ኳሱ የሳቸው ስለነበረ መሆኑም እውነት ነው፤ ይኼ ግን አይነገርም። ሊቀየሩ ሲሉ ኳሱን በብብታቸው ይዘው ይወጡ ነበርና የሚቀይራቸው ጠፋ። ጉልበታቸው ሲደክም ሊቀመንበር ሆኑ። ምርጫ በየዓመቱ አለ፤ ቆመው “የሚቃወም ይነሳ” ይላሉ። ታላቅ ሰው ፊት ማን ይነሳል? በሙሉ ድምፅ ይመረጣሉ። ተቃውሞው በኋላ ፓርኪንግ ላይ ይካሄዳል።

“ጋሽ ጉዲና፣” አለ ክፍሌ፣ “የመጀመሪያውን ጎል ማን አገባው?”

“እኔ ነኛ።”

“ፓስ ያደረግሁልህ ግን እኔ ነኝ፣” አሉ ልጅ ኃይለየሱስ ከመሬት እየተነሱ።

“የምን ፓስ? ደክሞኛል ብለው ሊወጡ ሲሉ አይደል? ኳሱን ይዘውብን ሳይሄዱ ብዬ ነው ቶሎ የመታሁት።”

ልጅ ኃይለየሱስ ሱሪያቸውን አራግፈው ክፍሌን ወደ ፓርኪንጉ ይዘውት ሄዱ። እዚያ የሚቃወሙ ሁሉ የሚቆሙበት ቦታ ቆሙ።

“ጎሉን ለጉዲና ጻፍለት። ዋንጫውም በስሙ ይሁን፤ እጁን አይተኸዋል።”

ክፍሌ በልቡ ተመስገን አለ። አምላክ ሃምሳ ዓመትም ቢፈጅ ይሠራል።

“ኳሱ የማን እንደነበረ ግን አትርሳ።”

“እሺ፣ ጋሼ።”

“አንድ ውለታ ደግሞ ዋልልኝ፣” አሉ ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው። “ያቺን ጫማውን ያሰርኩለትን ነገር ከደብተርህ ዴሊት አድርግልኝ። ሰው ቢያነባት ምን ይለኛል?”