በሽቦ የተሰፋ ደረት

ዘቢደር ለቅሶው ቤት ሳትደርስ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ባሏ ቢራራ ዱላውን ተደግፎ ይጠብቃታል፤ ባረፈች ቁጥርም የሚላት አንድ ነገር ነው።

«ሐኪሙ ያለሽን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ደረት መምታት የለም።»

«የለም አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

ከዳባት ወረድ ብሎ ባለው በዚያ አገር ዘቢደርን የማያውቅ ሐዘንተኛ የለም። ሙሾ አውራጅ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ፊት ቆማ ግጥም ስታወርድ፣ ደረቷን ስትደልቅ፣ አላለቅስም ያለውን ሁሉ ስታስለቅስ ኖራለች። ታዲያ ያ ደረት ከውስጥ ሲደክም ማን አየ? በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር አበላሽቶት ኖሯል። ዓመት በዓመት እየከፋ ሄዶ፣ ባለፈው ክረምት እግሯ አበጠ፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ተቀምጣ ታድር ጀመር። ልቧ ደሙን መግፋት አቅቶት ነበር።

ያን ጊዜ ነው፣ በቃሬዛ ወደ ዳባት ሲወስዷት፣ ጎረቤቷ ገዱ ፊቱን የያዘው። ጭቃው ጉልበት ይውጣል፤ ወንዙ ሞልቷል። ገዱ ላቡ እየተንጠባጠበ አንገቱን ወደ እሷ መለስ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዳትሞቺ! አንቺ ከሞትሽ እኔን ማን ያለቅስልኛል? ደረትሽን ካልደለቅሽልኝ አልቀበርም፣ ብያለሁ!»

«እደልቅልሃለሁ… ብቻ አሻግረኝ» አለችው፣ በዚያች በተረፈቻት ትንፋሽ።

አሻገራት። ከዳባት ጎንደር፣ ወረፋዋን ጠብቃም ከጎንደር አዲስ አበባ ሄደች። እዚያ የደረቷን አጥንት ሰንጥቀው የተበላሸውን የልብ በር በብረት ተኩት፤ አጥንቱን መልሰው በሽቦ ሰፉት። ስትወጣ አንድ ልጅ እግር ሐኪም አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ሦስት ወር ዕቃ አያንሡ። ደም ማቅጠኛውን ግን ዕድሜ ልክዎን ይውጣሉ፤ አለዚያ ብረቱ ላይ ደም ይረጋል። እሱን እየዋጡ ደግሞ ትንሽ ምት ቢያገኝዎት ውስጥ ውስጡን ይደማል።»

«ደረት መምታትስ?» አለችው።

ልጁ ጎንደሬ ኖሮ ወዲያው ገባው። «እሱማ ጭራሽ!»

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ አውቶቡስ ይዛ፣ ኮሶዬን አልፋ ጎንደር ትወርዳለች። ደሟ ይለካል፤ የኪኒኑን ልክ ይነግሯታል፤ ያንኑ መንገድ ትመለሳለች። መዳንም ያደክማል ለካ። ከተሰፋች ሁለት ወር ከሳምንት ሲሆናት፣ በጥር፣ ገዱ ሁለት ቀን ብቻ ታሞ ሞተ።

የገዱ ግቢ ሲደርሱ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። መንገድ ለቀቁላት። ሁሉም የሚጠብቀው የእሷን እጅ ነው፤ እሷ ግን ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች።

አጠገቧ የነበሩት አሮጊቷ ጤናዬ አላስቻላቸውም። «ምነው ልጄ» አሉ ጮክ ብለው፣ «አዲስ አበባ ልብሽን ሲከፍቱ ሐዘኑን አውጥተው ጣሉት እንዴ? ይሄ እኮ ተሸክሞ ያዳነሽ ነው!»

ነገሩ ከሽቦው ይልቅ ወጋት። ገዱ በነጭ ተገንዞ አልጋው ላይ ነው። እደልቅልሃለሁ ብላዋለች። ቀኝ እጇ በራሱ ጊዜ ተነሣ። አንዴ ብቻ፣ አለች በሆዷ፤ አንዴ ብመታ ምን እሆናለሁ?

እጇ ሳያርፍ ሰው ቀለበው። ውቢት ናት፣ የገዱ ሚስት። የዘቢደርን ሁለቱንም እጆች አንጓቸው ላይ ጨምቃ ያዘች።

«እንዳታደርጊው» አለች በሰለለ ድምፅ። «ባንቺ ቃሬዛ ትከሻው ሳምንት ሙሉ አብጦ ነበር፤ ቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ። ያን ድካሙን ከንቱ ልታስቀሪብኝ ነው?» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እስቲ ዝም በሉ!»

ግቢው ጸጥ አለ። ከዘቢደር ነጠላ ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት።

ጤናዬ ጆሯቸውን አስጠግተው አማተቡ። «በስመ አብ! ብረቱ ነው?»

«ብረቱ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በይ እንግዲያ አንቺ አውርጂ። ደረቱን ለእኛ ተዪው።»

ዘቢደር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወረደች፦

*ቃሬዛዬን ይዞ ያሻገረኝ ወንዙን፣*
*ማን ያግዘው ይሆን የዛሬ ጉዞውን።*
*ደረቴን አልመታ በሽቦ ተሰፍቷል፣*
*ገዱ አትቀየመኝ እጄን ሰው ይዞታል።*

ሴቶቹ ተቀብለው ደለቁ፤ ጤናዬ ከሁሉም አብልጠው። ውቢት ሬሳው እስኪወጣ ድረስ እጇን አልለቀቀችም።

ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቢራራ ኪኒኑንና ውሃውን አቀረበላት። ልትቀበለው እጆቿን ስትዘረጋ የነጠላዋ ጥለት ተንሸራተተ፤ በሁለቱም አንጓዋ ላይ የውቢት ጣቶች አንድ በአንድ ተቆጥረው ጠቁረዋል፤ ደሙ ከቆዳዋ ሥር ፈስሶ።

ቢራራ ደነገጠ። «ነገ ጎንደር ስትሄጂ ይሄ ምንድን ነው ቢሉሽስ?»

ኪኒኑን ዋጠች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጣል አደረገች።

«ለቅሶ ነበረብኝ እላቸዋለሁ» አለች።