የአስለቃሿ ስም

ከክፍል ጠርተው ነው የወሰዱኝ። የሒሳብ መምህሬ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ፤ እኔም ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። የሴቶች ማቆያ ያሉት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ እግር ባነሳሁ ቁጥር የገብስ እብቅ እየቦነነ ያስነጥሰኛል። ከውጭ፣ እንግዳ ያጣ አስጎብኚ ከጥበቃው ጋር ካርታ ሲጫወት ይሰማል። ውስጥ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴትዮ።

አወቅኋቸው።

ላሊበላ ዙሪያ ያለ እሳቸው ለቅሶ አይሞቅም። ከብልባላ በእግራቸው እየመጡ ሙሾ ያወርዳሉ። ከሳምንት በፊት፣ መንገድ ላይ በጥይት የተገደለ ጎረምሳ ሲቀበር ሕዝቡ መሀል ቆመው እንዲህ ብለው ነበር፦

ተኩሱ ሲጮህማ ያልሰማ ማን አለ፣
ማን ተኮሰ ሲባል የሰማ ሰው የለ።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። ጋዜጠኛ የሆንኩ መስሎኛል። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ገልብጬ ሮጥኩ፤ በማግስቱ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ጋር የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። እሳቸውን ለመጠበቅ ብዬ "አንዲት አስለቃሽ" ብቻ አልኩ። ሞኝ! በዚያ አገር እንዲህ የሚል ሌላ አፍ እንደሌለ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ። አምስት እርምጃ፣ መዞር፣ አምስት እርምጃ።

"አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ! አዞርሽኝ እኮ።"

"እማማ፣ በእኔ ምክንያት ነው የታሰሩት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ይቺ ጭራሮ ናት አገር ያመሰች?"

"ስምዎን ግን አልጻፍኩም።"

"እሱን ነው የምልሽ! ለምን ዘለልሽኝ? ሙሾዬ ከሜዳ የታፈሰ ነው?"

ይህን አልጠበቅኩም። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝና ወረቀት ገፋልኝ።

"ሴትዮዋ ናት ለጥፊ ብላ የላከችኝ ብለሽ ጻፊ። ፈተናሽ ሰኞ አይደል? ትደርሺያለሽ።"

የአገር አቀፉን ፈተና ነው የሚለው። እሱ ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ። ላስብበት አልኩት። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት" አለኝ።

ክፍሉ ስመለስ ወስኜ ነበር። "ግጥሙን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት እላለሁ፤ እርስዎ ይወጣሉ።" ጀግና የሆንኩም መስሎኝ ነበር።

ከሰሌኑ ተነሱ።

"ስንት ዘመን ሳለቅስ ሙሾዬን ከአፌ የነጠቀኝ የለም። አንቺ ደሞ የማን ሬሳ ላይ ቆመሽ ነው ግጥም የምታወርጂ?"

"እማማ፣ ያስሩዎታል!"

"ታስሬ የለ! ከዚህ ወዲያ የት ሊከቱኝ ነው፣ ጀሪካኑ ውስጥ?"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"የሆነውን ጻፊ። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ። አንቺ ሳትጠይቂኝ ወሰድሽ። ማንም ማንንም አልላከም። በቃ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደዚያው ጻፍኩ። ግጥሙን በእሳቸው ስም፣ መለጠፉን በእኔ ስም። መርማሪው አንብቦ ቀደደውና ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ ጻፍኩ። አንድ ቃል አልለወጥኩም። እንግዲያው የሁለታችሁም ቃል ይሁን ብሎ እሳቸውን አስጠራና የቀለሙን ሳጥን ገፋላቸው።

"አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ።"

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። "ይነበብልኝ።"

"እናቴ፣ ልጅቷ ያለችው ነው፤ ምን ይነበባል?"

"ያልሰማሁት ላይ ጣቴን አላሳርፍም። ታንብበው።"

ቆሜ አነበብኩ። ስማቸው ሲጠራ ቀና አሉ። ግጥሙ ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ስጨርስ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ሁለት ሳምንት ቆየን። ፈተናው አለፈኝ። በዓመቱ ተፈተንኩ፤ ነጥብ አልመጣልኝም። አይቆጨኝም አልልም፣ ይቆጨኛል።

አሁንም እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መርጋት አልሆነልኝም፤ ከሙጃ እስከ ኩልመስክ እየዞርኩ ሰው አናግራለሁ፣ የጻፍኩትንም ለባለቤቱ ሳላነብ አላወጣም። በቀደም ይህንን ጽሑፍ ይዤ ብልባላ ሄድኩና አነበብኩላቸው።

"ስምዎ ይግባ?" አልኳቸው።

"ያኛው የኔ ለቅሶ ነበር። ይሄ ያንቺ ነው። የራስሽን በራስሽ ስም አልቅሺ።"

"ገና እፈራለሁ፣ እማማ።"

"እኔስ ያኔ ያልፈራሁ መስሎሻል?"

ይኸው፣ ያለ ስሜ አወጣሁት። ያሳፍረኛል።